ዘጠኝ ክኒን በዘጠኝ ሰዓት

ክኒን አላጓደልሁም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልናገር፤ ሕመሜን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «በደንብ አልወሰድሽው ይሆናላ» ነውና። አንዲት ፍሬ አልጣልሁም፤ አንድም ቀን አልዘለልሁም። ያም ሆኖ ያድነኛል የተባለውን መድኃኒት በእጄ ይዤ ልሞት ደርሼ ነበር። እንዴት እንደሆነ ስናገር አንዳንዱ ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ያዞርና ዝም ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ዝም የሚለው ነው፤ የጻፍሁትም ለእሱ ነው።

ስሜ ይታይሽ ይባላል። ቢቸና፣ ከገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ የሀገር ልብስ፣ የሙሽራ ካባ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ። እንጀራዬ ያለው እጄ ላይ ነው፤ ሕመሙም የጀመረኝ ከእጄ ነው። አንድ ቀን ክሩ በመርፌ ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ጥፋቱን በዓይኔ አመካኘሁና መነጽር ገዛሁ። መነጽሩ የሚንቀጠቀጠውን እጄን አጥርቶ አሳየኝ፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። በነሐሴ የቢቸና ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ሲቀመጥ እኔ የሱቄን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ በላብ እጠመቃለሁ። እበላለሁ፣ ደግሜ እበላለሁ፤ ቀሚሴ ግን በየወሩ ይሰፋኛል። ራሴ ከጎኑ አጠብበዋለሁ፣ ተመልሶ ይሰፋል። ልቤንማ ተውት! ቁጭ ብዬ ዳገት እንደወጣ ሰው ትደልቃለች። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ እቆማለሁ፣ እወጣለሁ፣ የወጣሁበትን ረስቼ እመለሳለሁ። ተኝቼም እግሬ አያርፍም ነበር።

ባለቤቴ ዋለልኝ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። አንድ ጠዋት ማንኪያ ከእጁ ወደቀበትና ጮህሁበት። ለማንኪያ! ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ።

«አንች ሴትዮ፣ ምን ገባብሽ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ!» አልሁና ማልቀስ ጀመርሁ። እሱም ማንኪያውን አንሥቶ አጠበውና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲገባ በር ላይ ቆሞ ፊቴን አይቶ ነው። ይህ ከሕመሙ በላይ ያመኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብሽ አለኝ። በእኛ አገር ደም የሰጠ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሳይዝ የሚመለስ አይመስለኝም። መርፌዬን ተወግቼ ጨረስሁ፤ ልቤ እንደ ልማዷ ትደልቃለች። ሁለተኛው ጨጓራ ነው ብሎ የሁለት ሳምንት ክኒን ሰጠኝ። ሦስተኛው በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጭንቀት ነው፤ እረፍት አድርጊ» አለኝ። እረፍት ባገኝማ ምን አመጣኝ? ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሮ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ክሳቴን ያዩ ጎረቤቶች ደግሞ የራሳቸውን ምርመራ ጨርሰው ነበር፤ ሱቄ ገብተው በብርጭቆዬ ውኃ የማይጠጡ ሰዎች መጡ።

ያዳነኝ የእህቴ ጆሮ ነው። ታናሼ ወርቅነሽ ሞጣ ባል አግብታ ትኖራለች። በስልክ እያወራን ድንገት አቋረጠችኝ።

«እታለም፣ እየሮጥሽ ነው እንዴ የምታወሪኝ?»

«ኧረ ቁጭ ብዬ ነው።»

«በይ ነገ ተነሽ። እኔ ዘንድ ነይ።»

በማግሥቱ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ተራዬ ሲደርስ ዶክተሩ ብዙም አልጠየቀኝ። «እጅሽን ዘርጊ» አለኝና ከጠረጴዛው አንድ ወረቀት አንሥቶ በጣቶቼ ላይ አስተኛው። ወረቀቱ ድምፅ እያሰማ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከኋላዬ ቆሞ ጉሮሮዬን ዳሰሰ፤ ምራቅ ዋጭ አለኝ፤ ደሜ ተወስዶ ባሕር ዳር ተላከ።

ውጤቱ ሲመጣ ታይሮይድ ነው አለኝ። ጉሮሮ ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት፤ እንቅርት የምታወጣው እሷው ናት። የእኔዋ ሳታብጥ ሥራዋን አብዝታ፣ መላ ሰውነቴን እረፍት ነሥታው ኖሯል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሕመሜ ስም አገኘ! ዋለልኝ ላይ የጮህሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ክኒን ታዘዘልኝ። አንዱ ዕጢዋን የሚገታ ሲሆን ፒ ቲ ዩ ይሉታል፤ ሌላው ልብን የሚያረጋጋ ነው። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል የሰጠኝ ልጅ በአንደኛው ከረጢት ላይ 2×3፣ በሌላው ላይ 1×3 ብሎ ጻፈና «በቀን ሦስት ጊዜ» አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በክርኑ እየገፋኝ ስለነበር ከረጢቶቼን ይዤ ወጣሁ። በቀን ስድስትና ሦስት፣ ጠቅላላ ዘጠኝ ክኒን።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣሁ። የደሜን ውጤት ስጠብቅ በነበረበት ሳምንት ስለት ተስዬ ነበር። «እመቤቴ፣ ልቤን ብቻ አሳርፊልኝ እንጂ እስክድን ድረስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልሁ። የአዋጅ ጾም አልነበረም፤ የራሴ የምስጢር ጾም ነው። ይህን ዓይነቱን ጾም ሰው ያወራዋል እንዴ? ካወሩትማ ዋጋው ቀረ። ለዋለልኝ እንኳ አልነገርሁትም። ጠዋት ምሳዬን ቋጥሬ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ምሳው ለነዳያን ይሰጣል።

ክኒኑ ሲመጣ ተጨነቅሁ። ያለ ውኃ አይዋጥም፣ ውኃ ደግሞ ጾም ያፈርሳል። አንድ ሙሉ ቀን ሳሰላስል ዋልሁና መላውን አገኘሁት፤ የቀኑን ክኒን አንድ ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሜን እንደፈታሁ። ስድስቱም ስድስት፣ ሦስቱም ሦስት። ምን ጎደለ? ስለቴም አልፈረሰ፣ የሐኪሙም ትእዛዝ አልቀረ። በብልጠቴ ኮርቼ ነበር፤ እምላለሁ፣ ኮርቼ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ ጾም ስለሌለ፣ ጠዋት፣ ቀንና ማታ እያልሁ እወስዳለሁ።

ወር ሞላ። ልቤ አላረፈችም። ጠዋት ስነሣ አልጋው ከእኔ ጋር የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ እጅና እግሬ ይዝላል፣ ዓይኔ ይጨልማል። እሑድ እሑድ ሻል ይለኛል። ይህን የቅዳሴ በረከት ነው ብዬ ጾሜን አጠበቅሁ።

ለቀጠሮ ሞጣ ስመለስ ዶክተሩ የልቤን ምት ቆጠረና ፊቱ ተቀየረ።

«ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?»

«አንድም ቀን አልዘለልሁም።»

ከረጢቴን አገላብጦ አየ፤ ማለቅ ያለበት ያህል አልቋል። እና መጠኑን ጨመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኙ ክኒን አሥራ ሁለት ሆነ። እኔም አሥራ ሁለቱን በዘጠኝ ሰዓት መዋጥ ጀመርሁ።

መሐል ላይ መንገድ ተዘጋና ሁለት ሳምንት ከቢቸና መውጣት አልተቻለም። ክኒኔ እያለቀ ሄደ። ያላንኳኳሁት መድኃኒት ቤት የለም። አንዱ ባለ ሱቅ «እሱ ክኒን የዓባይን ድልድይ ከተሻገረ ወር አልፎታል፤ ካለም ባሕር ዳር ነው» አለኝ። የቀረኝን በየማታው እየቆጠርሁ እንቅልፍ አጣሁ። የመጨረሻዋ ከረጢት ልታልቅ ሦስት ቀን ሲቀራት መንገዱ ተከፈተ። በዚያው ቀን፣ ለጉዞዬ ልብስ ላጣጥፍ ስል፣ ክኒኔን ውጬ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስፌት መኪናው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ያነሣችኝ ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ስነቃ ዋለልኝ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ያ ድምፁን የማያነሣ ሰው፣ ስሜን ይጮኻል።

በማግሥቱ ራሱ ሞጣ ወሰደኝ። ዶክተሩ የልቤን ምት ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«መድኃኒቱ ካልሠራልሽ ያለው ምርጫ ቀዶ ጥገና ነው። ነገር ግን እንዲህ በሚመታ ልብ ማደንዘዣ የሚሰጥሽ ባለሙያ አታገኝም። እንዲሁ ከቀጠለም ልብሽ አይችልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እስኪ ላስብበት። ውጭ ጠብቁኝ።»

ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ አላውቅም። ዳግመኛ መርፌ የማልይዝ፣ ከዋለልኝም ጋር የቀረን ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር መሰለኝ። በዚህ መሐል አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ወረቀት ታቅፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሰላም ትባላለች። ፋርማሲስት ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች፣ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ስለሚወስዱ ሰዎች ጥናት ትሠራለች።

«ጥቂት ጥያቄ ብጠይቅሽ ፈቃደኛ ነሽ?»

«እህቴ፣ እኔ እየሞትሁ ነው፤ አንች ጥያቄ ትይኛለሽ?» አልኋት። ዋለልኝ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወረቀቷን አንብባ ጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ረሳሽ? አንድም። ሲሻልሽ ታቆሚያለሽ? ተሽሎኝ አያውቅም። ክኒኖቼን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቆጠረች፤ ልክ ነው። «መቶ በመቶ» ብላ ጻፈች። ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ለምን እንደተመለሰች አልጠየቅኋትም።

«ይኼ ከወረቀቱ ውጭ ነው» አለች። «ልብሽ በጣም የሚመታው መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

«የወደቅሽውስ?»

«ወደ አሥር ሰዓት ግድም።»

«የሚሻልሽ ቀን አለ?»

«እሑድ።»

ቁጭ አለች። «እስኪ ትናንት የዋጥሽውን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ። ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል።»

ባሌ አጠገቤ ነው። ስለቴ ሊፈርስ ነው። ስንት ሐኪም ያላወጣውን ምስጢር አግዳሚ ላይ ልዘርግፈው? ሰላም ግን እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስተኛችው። ያቺ የተኛች እስክሪብቶ ናት ያናገረችኝ።

«በዘጠኝ ሰዓት» አልሁ። «አሥራ ሁለቱንም። እጾማለሁ።»

ዋለልኝ «በስመ አብ!» አለና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ምሳ እየቋጠርሽ?»

ሰላም አልሳቀችም፣ አልገሠጸችኝም። ልጅ የምታስተምር ይመስል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ዕድሜ አለው አለች። የእነዚህ ክኒኖች ዕድሜ አጭር ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ግማሹ ይወጣል፣ ከዚያ የቀረውም ግማሽ ይወጣል። ለዚህ ነው በየስምንት ሰዓቱ የሚተካው።

«የሦስት ቀን ውኃ በአንድ ቁጭታ ብትጠጭ ነገ አይጠማሽም?» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላ ልብሽን የምታረጋጊበት ሦስቱ ክኒን አንድ ላይ በባዶ ሆድሽ ገብቶ ይጥልሻል። ጠዋት ደግሞ ጠብታ አይቀርሽም። ቀጠሮሽ ሁሌ ጠዋት ነው፤ ዶክተሩ የሚያይሽ መድኃኒት በሌለበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ከማለታችን በፊት እስኪ እንሞክረው።»

ከዶክተሩ ጋር ተነጋግረው መጠኑን ወደ መጀመሪያው መለሱልኝ። ሰላም አዲሱ ከረጢት ላይ 2×3 የሚለውን ሰርዛ በጉልህ ጻፈች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ አራት ሰዓት። አንድ ነገርም አስጠነቀቀችኝ፤ ይህን ክኒን ለሚወስድ ሁሉ ይድረስ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ እንጥል ወረደ ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፤ ክኒኑን አቁሞ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ አልፎ አልፎ ደም ላይ ጉዳት ያመጣልና። እኔ ግን የምሰማት በአንድ ጆሮዬ ነበር። ሌላው ጆሮዬ ስለቴ ዘንድ ነው። ለእመቤቴ የገባሁትን ቃል ልሻር?

ቢቸና እንደገባን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለምን እንዳልጠራሁት ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ። ከቅዳሴ ወጥተው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው።

«ጾሙን ማን አዘዘሽ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኝ አባ።»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«ምስጢር ነው ብዬ…»

«ከንስሐ አባት የተሰወረ ምን ዓይነት ጾም ነው? በሽተኛ ላይ ማን ጾም ጫነ?» ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ደስ አለኝ። «በይ ስለቱን ፈትቼሻለሁ። በምትኩ ግን ቀኖና አለብሽ። ያችን ከረጢት አምጫት።»

ከረጢቱን አራቁና አቅርበው አነበቡ። «ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት። እነዚህን ሰዓቶች እንደ ጸሎት ሰዓት ጠብቂ። አንዷን ብታሳልፊ ለኔ ትናገሪያለሽ። ጾምሽ ይኼ ነው።»

እጃቸውን ተሳልሜ ልነሣ ስል መልሰው አስቀመጡኝ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ይታይሽ፣ የልጅቷ ነገር ለዚህ ለልብ ክኒን ብቻ ነው? ወይስ ለሌላም መድኃኒት እንዲሁ ነው?»

«አላወቅሁም አባ። ምነው?»

ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩና ዝም አሉ። ባለፈው ዓመት በቅዳሴ መሐል ተዝለፍልፈው ሲወድቁ ምእመኑ «እርጅና ነው፣ መቆሙ በዛባቸው» ብሎ እንደነበር ትዝ አለኝ። የስኳር ሕመም እንዳለባቸውም ሰው ያውቃል። አልጠየቅኋቸውም፤ እኔ ማን ነኝና።

ዋለልኝ ስልኬ ላይ ሦስት ደወል ሞላልኝ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ሲጮኽ ብርጭቆውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ አልጋው አልተንቀጠቀጠም። በአምስተኛው ሳምንት ቀሚሴን ማጥበብ ቀረልኝ። ዕጢዋ ፈጥና አልተገራችም፤ ወራት ፈጀች፤ ክፉ ቀንም ነበረኝ፣ አሁንም ክኒኑን አልተውሁም። ግን አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ መነጽር ሳላደርግ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ አሳለፍሁት። አንድ ጊዜ፣ ያለ ምራቅ። አውጥቼ ደግሜ አሳለፍሁት። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ ትምህርት ቤት ድረስ ሄድሁና ዋለልኝን ከክፍል አስጠርቼ መርፌውን አሳየሁት። ተማሪዎቹ በመስኮት እያዩ፣ እኔና እሱ አንዲት መርፌ መሐላችን ይዘን አለቀስን።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ማለዳ የሚኒባሱ መነሻ ላይ ስደርስ አባ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ሞጣ ዘመድ ልጠይቅ ነው» አሉኝ። እኔም አመንሁ አልሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ከረጢት አውጥተው አሳዩኝና መልሰው ሸሸጉት። 1×2 ይላል፤ የስኳር ክኒናቸው ነው።

ሰላም አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያው መጠይቅ ነው፤ ከግርጌው ግን በእስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል። እሷ ሳትጠይቀኝ እኔው ዘልቄ አነበብሁት፤ «ስንት ሰዓት ላይ?» ይላል።

«አባቴ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ረስተዋል?»

«አንድም አልረሳሁ።»

«ትናንት የወሰዱትን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደ እሷው ነው፤ እሷ ትንገርሽ።»

«አይሆንም አባ» አልኋቸው። «ከራስዎ አንደበት ነው።»

ከረጢታቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ በምናገርበት ድምፅ፣ መናገር ጀመሩ። እኔም እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁላቸው።

ይህን ጻፊው ያሉኝ እሳቸው ናቸው።